በር ላይ ፍተሻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ስንቴ ትፈተሻላችሁ? ባንክ ስትገቡ፣ ሞል ስትገቡ፣ ወረዳ ስትሄዱ፣ ኮንሰርት፣ ሠርግ፣ ለጥምቀት ደግሞ ጃንሜዳ። እጅ ማንሳት ከመልመዳችን የተነሳ አንዳንዴ የታክሲ ረዳት እጁን ሲዘረጋ ራሱ እጄን ላነሳ ይቃጣኛል።

እኔ ስድስት ዓመት ያህል ከበሩ በወዲያኛው በኩል ቆሜያለሁ። መጀመሪያ በጥበቃ ኤጀንሲ ተቀጥሬ አንድ የገበያ ማዕከል፣ ኋላ ላይ ኮንሰርትና ሠርግ የሚደረግበት አዳራሽ። ሥራውን ከተውኩ በኋላም ስለ ፍተሻ የሚጠይቀኝ አልጠፋም። አብዛኛው ጥያቄ ያው ነው። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል። የሠራሁባቸውን ቤቶች ስም ግን አትጠይቁኝ።

ለምንድነው የምፈተሸው? ሌባ እመስላለሁ እንዴ?

አትመስሉም። ደግሞ የበር ላይ ፍተሻ ከሌባ ጋር ብዙም አይገናኝም፤ ሌባ ባዶ እጁን ነው የሚገባው።

ነገሩ እየጠበቀ የመጣው ደረጃ በደረጃ ነው። መስከረም 2006 ዓ.ም. ናይሮቢ ዌስትጌት የሚባለው የገበያ ማዕከል ተጠቅቶ ከ60 በላይ ሰው አለቀ። ወር ሳይሞላው ደግሞ እዚሁ ቦሌ ቤት ተከራይተው የነበሩ ሁለት ሰዎች ያዘጋጁት ፈንጂ በራሳቸው ላይ ፈንድቶ ሞቱ። ቀኑ ኢትዮጵያና ናይጄሪያ አዲስ አበባ ስታዲየም የተጫወቱበት ነበር፤ ዒላማቸውም የኳስ ተመልካች እንደነበር በመንግሥት ተነገረ። ከዚያ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በወጣበት ሰልፍ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ሰው ሞተ፣ ከመቶ በላይ ሰው ቆሰለ። ከዚያ ወዲህ "እኔን ደግሞ ምን ብለህ ነው የምትፈትሸኝ?" የሚለኝ ሰው ቀነሰ። አልጠፋም፣ ቀነሰ።

ፈታሹ የሚፈልገው ምንድነው?

እንደ በሩ ነው። ሽጉጥ፣ ቦምብ፣ ጩቤና ሴንጢ የትም አይገቡም። ከዚያ በኋላ ያለው የየቤቱ ሕግ ነው። ኮንሰርት ላይ የጠርሙስ ዕቃ፣ ከውጭ የተገዛ አልኮል፣ ርችት፣ ሺሻ፣ ጫት አይቻልም። ሃይላንድ ውሃ የሚከለከለው አንዳንዴ ውስጡ አረቄ ስለሚሆን ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ (እውነቱን እንነጋገር) ውስጥ በእጥፍ ዋጋ የሚሸጥ ውሃ ስላለ ነው። ሁለተኛውን "ለደህንነት ነው" ብዬ ስናገር ስንት ጊዜ እንዳፈርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቢሮ ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ የሚያሳስባቸው ይዛችሁ የምትገቡት ብቻ አይደለም፣ ይዛችሁ የምትወጡትም ነው። ላፕቶፕ ካላችሁ ያ ጠርዙ የተበላ ትልቅ መዝገብ ይወጣል። ጥበቃው ላፕቶፑን ገልብጦ ሲሪያል ቁጥሩን በአጉሊ መነጽር እንደሚያይ ሰው ዓይኑን አጥብቦ አንድ በአንድ ይጽፋል። አትሰልቹ። ስትወጡ "ይሄ ላፕቶፕ የማነው?" የተባለ ቀን ያቺ መስመር ታወጣችኋለች። ሳያስመዘግቡ ገብተው ሲወጡ ሁለት ሰዓት የቆሙ ሰዎች አውቃለሁ።

ትክክለኛ ፍተሻ ምን ይመስላል?

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችን ትክክለኛውን አይተነው አናውቅም። የምናውቀው ወገባችንን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ "እለፍ" የሚለውን ነው። ያ ፍተሻ አይደለም፣ ሰላምታ ነው።

ደህና ፈታሽ መጀመሪያ ይናገራል። "ወንድሜ ይቅርታ፣ ፍተሻ ነው።" መልስ ይጠብቃል። ሰው ሳይፈቅድ አይነካም። ቀጥሎ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ራሳችሁ እንድታወጡ ይጠይቃል። እጁን ኪሳችሁ ውስጥ አይከትም። ይሄ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለእሱም ነው፤ ምላጭ ወይ መርፌ ሊወጋው ይችላል፣ ደግሞ "አምስት መቶ ብሬ የት ገባ?" የሚል ሰው ቢመጣ መልስ የለውም። እኔ ላይ ደርሷል። ሰውዬው ብሩን ሌላኛው ኪሱ ውስጥ እስኪያገኘው ድረስ ግማሽ ሰልፍ ሌባ አድርጎ አየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ኪስ ገብቼ አላውቅም።

ከዚያ እጃችሁን ወደ ጎን ትዘረጋላችሁ። ከኮሌታ ይጀምራል። ትከሻ፣ ክንድ እስከ አንጓ፣ ብብት፣ ደረት፣ ጀርባ፣ ወገብ ዙሪያውን። ወገብ ላይ ከኋላ በኩል፣ ቀበቶው ጀርባችሁን የሚነካበት ቦታ ላይ ቆም ማለት አለበት፤ ሽጉጥ የሚሻጠው እዚያ ነው፣ ሰነፍ ፈታሽ የሚዘለውም እዚያው ነው። ቀጥሎ እግር፣ ከውስጥም ከውጭም፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። ካልሲ ውስጥ ሴንጢ የሚደብቅ ሰው በጣም ብዙ ነው። እፍረት ያለበት ቦታ ላይ በመዳፍ ሳይሆን በእጅ ጀርባ ነው የሚፈተሸው። መዳፉን የሚጠቀም ካለ የማያውቅ ነው፣ ወይም ከማያውቅ የባሰ ነው።

ቦርሳ ከሆነ ራሳችሁ ትከፍታላችሁ፣ ራሳችሁ ዕቃውን ከፍ ከፍ ታደርጋላችሁ፣ እሱ በባትሪ ያያል። ይሄ ሁሉ ለለመደ ሰው ዐሥር ሴኮንድ አይፈጅም።

ማሽኑ ሁሌ ጢጥ ይላል፣ ፈታሹ ግን ዝም ብሎ ያሳልፈኛል። ታዲያ ምን ይጠቅማል?

ምንም። ጥያቄው ልክ ነው።

በእጅ የሚያዘው ማሽን ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ዙሪያውን መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፣ ብረት ሲቀርበው መስኩ ይረበሻል፣ ይጮኻል። የቀበቶ ዘለበት ይሁን ሽጉጥ ለይቶ አያውቅም። መለየት የሰው ሥራ ነው። ጢጥ ሲል "እዚህ ጋ ምንድነው?" ተብሎ መጠየቅ አለበት። "ቁልፍ ነው" ካላችሁ ቁልፉ ይውጣ፣ ማሽኑ እንደገና ይለፍ፣ ዝም ካለ ይኼው አለቀ። ጢጥ እያለ የሚያሳልፍ ፈታሽ ካያችሁ ማሽኑ ጌጥ ነው።

ደግሞ ማሽኑ ፕላስቲክም፣ ዱቄትም፣ ፈሳሽም አያይም። ስለዚህ ማሽን ስላለ እጅና ዓይን ይቅር ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። አንድ የበዓል ዋዜማ ማታ የያዝኩት ማሽን ባትሪው አለቀ። እነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት ባለ 9 ቮልት በሆነችው አራት ማዕዘን ባትሪ ነው፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ የሚገኝበት ሱቅ የለም። ለአለቃዬ ነገርኩት። "ዝም ብለህ አወዛውዘው፣ ሰው መቼ ያውቃል" አለኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንጨት አወዛወዝኩ። ማንም አልጠየቀኝም። እንዲያውም አንዷ እናት "ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ" ብላ መርቃኝ ገባች።

በዓለም ደረጃ የተሠራ እንጨትም አለ። ኢራቅ ውስጥ በየኬላው ወታደሮች አንቴና ያለው እጀታ ይዘው ፈንጂ ይፈልጉበት ነበር። ውስጡ ባዶ ነው። ምንም የሚሠራ ነገር የለበትም። በውድ ዋጋ የሸጠው እንግሊዛዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ2013 ዐሥር ዓመት ተፈረደበት። ፍተሻ ያለፈ መኪና ባግዳድ ውስጥ ሲፈነዳ እንደኖረ አስቡት።

ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ማሽኑ ጽንሴን ይጎዳዋል?

አይጎዳም። በእጅ የሚያዘውም፣ በር መስለው የቆሙትም ጨረር አይረጩም። ኤክስሬይ ያለው ቦርሳ የሚገባበት ሳጥን ውስጥ ነው፤ እሱ ውስጥ ደግሞ እናንተ አትገቡም። ካልተመቻችሁ ግን "በእጅ ፈትሹኝ" ማለት ትችላላችሁ፣ ማንም አይከለክላችሁም።

የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመላችሁ ሰዎች ግን ቀድማችሁ ተናገሩ። በሩን ቆም ሳትሉ እለፉ፣ የእጁን ማሽን ደረታችሁ ላይ አያቆዩት። ካርዳችሁን ብትይዙ ጥሩ ነው።

ሴት ፈታሽ ከሌለች ወንድ ሊፈትሸኝ ይችላል?

አይችልም። ስንት ሰው "ችኮላ ስለሆነ ነው" ብሎ ሲያልፈው አይቻለሁ። ሴትን ሴት ነው የምትፈትሸው፣ አለቀ። ሴት ፈታሽ ከሌለች ወይ ትጠራለች፣ ወይ ቦርሳችሁ ብቻ ይታይና ማሽኑ ሳይነካችሁ ከርቀት ያልፋል። ወንዱ እጁን ከሰነዘረ "እህት ትምጣልኝ" በሉ፣ ጮክ ብላችሁ። ሰልፉ ያግዛችኋል። በዚህ ጉዳይ የአዲስ አበባ ሰልፍ አንድ ነው።

ሒጃብ ወይም ኒቃብ ከሆነ ዘወር ያለ ቦታ፣ መጋረጃ ኋላ፣ በሴት። ነጠላም ያው ነው። የደመራ ዕለት ሴት ፈታሾቹ ነጠላውን ገለጥ እያደረጉ ነው የሚያዩት፣ ወንዶቹ ዘንድ ደግሞ ጋቢ አለ። ጋቢ የለበሱ አባት ሲመጡ እጄ ይከብደኝ ነበር። "አባባ ይቅርታ፣ ጋቢውን ላፍታ" እላለሁ። አብዛኞቹ ራሳቸው ገለጥ አድርገው "ፈትሽ ልጄ፣ ሥራህ ነው" ይላሉ። የሚቆጣው ሁሌ ወጣቱ ነው።

አልፈተሽም ማለት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። እነሱም አናስገባም ማለት ይችላሉ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ማንም ሰው ሰውነቱና ንብረቱ ያላግባብ እንዳይመረመር መብት ሰጥቶታል። የግል ጥበቃ ደግሞ ፖሊስ አይደለም። በጉልበት ይዞ ሊፈትሻችሁ አይችልም። እሱ ያለው መሣሪያ በሩ ነው፦ ፈቅዳችሁ ትፈተሹና ትገባላችሁ፣ ካልፈቀዳችሁ ዞራችሁ ትሄዳላችሁ። ወንጀል ስትሠሩ እጅ ከፍንጅ ከያዛችሁ ግን ነገሩ ይለያል፤ ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል፣ ያንን ማንኛውም ሰው ይችላል።

ፌዴራል ፖሊስ የሚፈትሽበት ቦታ፣ ለምሳሌ ትልቅ በዓል ላይ፣ ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩት። ምክሬ ነው።

ትኬት ከገዛችሁ በኋላ አልፈተሽም ብትሉ ገንዘባችሁ አይመለስም። ብዙ ጊዜ ትኬቱ ጀርባ ላይ በጉንዳን ጽሑፍ ተጽፏል።

ሽቶዬን (ወይም ላይተሬን፣ ጥፍር መቁረጫዬን) ቀሙኝ። የት ይሄዳል?

ደህና ቤት ከሆነ ቁጥር ያለው ካርድ ይሰጣችሁና ስትወጡ ትወስዳላችሁ። ካርድ ካልሰጧችሁ ጠይቁ። "እዚህ ጋ አስቀምጪው፣ ስትወጪ ትወስጃለሽ" ከተባለ ደህና ሁን በሉት፤ ስንት ሰው እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያስቀምጥ አይታችኋል፣ ፈረቃውም ይቀየራል። ሽቶ በተለይ። ሌላውን አልናገርም።

የተሻለው መንገድ ይዞ አለመምጣት ነው። ሁለተኛው መኪና ውስጥ መተው። ሦስተኛው አዲስ አበባ የፈጠረችው ነው፦ ስልክ ይዞ መግባት የማይቻልባቸው መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ዕቃ የሚያስቀምጡ ልጆችና ሱቆች አሉ። ትንሽ ትከፍላላችሁ፣ ቁጥር ትቀበላላችሁ። እስካሁን ከእነሱ ዘንድ የጠፋብኝ የለም።

ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለኝ። ይዤ ብገባስ?

አይቻልም። ፈቃዱ መያዝ ነው የሚፈቅደው፣ የሰው አዳራሽ መግባት አይደለም። በር ላይ ያለው የተሰረዘ የሽጉጥ ምስል ለፈቃድ አልባ ብቻ የተለጠፈ አይደለም። ደግሞ እባካችሁ፣ ማሽኑ ጢጥ እስኪል አትጠብቁ። ከሩቅ ተናገሩ፣ እጃችሁን ወደ ወገብ ሳትሰዱ። አንዱ "ቆይ ላሳይህ" ብሎ መዝዞ ያወጣ ቀን ሴት ፈታሻችን ጠረጴዛ ስር ነበር ያገኘናት።

ባለ ኮቱ፣ ፈረንጁ፣ ቪኤይቱ ለምን ሳይፈተሽ ያልፋል?

ይሄ ነው የሚያናድደኝ ጥያቄ፣ ምክንያቱም ትክክለኛ ነው። ተማሪው ቦርሳው እስከ ደብተሩ ይገላበጣል፣ ኮት የለበሰው "ኧረ ይግቡ ጋሼ" ይባላል። መኪናም ያው ነው። ለአሮጌዋ ቪትዝ መስታወቱ ከስር ይገባል፣ የኋላው ይከፈታል፣ ቪኤይት ሲመጣ በሩ ቀድሞ ይከፈትና ሰላምታ ይሰጠዋል። መሣሪያ የሚጫነው በየትኛው እንደሚመች ደግሞ አስቡት።

ፈታሹ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው። አንዴ አንድ ትልቅ ሰው ፈተሽኩ፣ እጃቸውን አነሱ፣ ፈተሽኩ፣ ገቡ። ማታ አለቃዬ ጠርቶ "ማንን እንደፈተሽክ ታውቃለህ?" አለኝ። አላውቅም፣ ሥራዬም ማወቅ አልነበረም። በወር የምትከፈለኝ ያችው ነች፣ ለእሷ ስል ቀጣዩን ትልቅ ሰው አጎንብሼ አሳለፍኩ። ሰው እንዲህ ነው የሚሠለጥነው።

ፍርሃት የትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ማንችስተር ኮንሰርት ላይ 22 ሰው የገደለው ሰው ትልቅ ቦርሳ አዝሎ መውጫው አካባቢ ሲጠብቅ አንድ ልጅ እግር ጥበቃ ተጠራጥሮት ነበር። "ተሳስቼ ቢሆን ዘረኛ እባላለሁ" ብሎ እንዳልቀረበው ኋላ ላይ ራሱ ተናግሯል። እዚያ ዘረኛ መባል፣ እዚህ ከሥራ መባረር። መፍትሔው አንድ ነው፦ ሁሉም ሰው ይፈተሽ፣ የአዳራሹ ባለቤት ራሱ ጠዋት ሲገባ እጁን ያንሳ። አንድ ሥራ አስኪያጅ እንደዚያ ያደርግ ነበር። በእሱ ጊዜ በር ላይ ጭቅጭቅ ሰምቼ አላውቅም።

ሰልፉ ለምን እንዲህ ይረዝማል?

ሒሳብ ነው። አንድ ሰው ዐሥር ሴኮንድ ከፈጀ አንድ ፈታሽ በደቂቃ ስድስት፣ በሰዓት 360 ሰው ያስገባል። 3,000 ሰው ለሚመጣበት ኮንሰርት አራት ፈታሽ ብታቆሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ ማንም ሳይጨቃጨቅ፣ ማንም ትኬቱን ሳይፈልግ። የእኛ ሰው ደግሞ ኮንሰርቱ 1 ሰዓት ላይ ከተባለ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ አብሮ ነው የሚደርሰው። አዘጋጁ በዚህ ሰዓት "ቶሎ ቶሎ!" ይላል። "ቶሎ ቶሎ" ማለት "አትፈትሽ" ማለት ነው።

የሴቶቹ ሰልፍ ሁሌ የሚረዝመውም ለዚሁ ነው። ስድስት ወንድ ፈታሽና ሁለት ሴት ይቀጠራሉ፣ ቦርሳ የያዙት ግን ሴቶቹ ናቸው። ይሄን ለአዘጋጆች ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ሁሌ "ለሚቀጥለው" ነው።

ስልኬ ፍተሻ ላይ ጠፋ። ፈታሹ ነው?

ሊሆን ይችላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ከኋላችሁ የቆመው ነው። የኪስ ሌባ እንደ ፍተሻ ሰልፍ የሚመቸው ቦታ የለም። ግፊያ አለ፣ ሰው ዓይኑ በሩ ላይ ነው፣ በመጨረሻም ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ሰልፍ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ስልካችሁን ዚፕ ያለው ቦታ ክተቱ። ስትፈተሹ በእጃችሁ ያዙት፣ ከፍ አድርጋችሁ።

መታወቂያ ለምን ይጠየቃል?

ክለብ ከሆነ ለዕድሜ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው፣ ወሰኑ 18 ዓመት የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ቢሮ ከሆነ መታወቂያችሁን ወስደው የእንግዳ ባጅ ይሰጧችኋል። ስትወጡ ባጁን መልሱ። አለዚያ ቤት ደርሳችሁ አንገታችሁ ላይ ባጁን ታገኛላችሁ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ግን መታወቂያችሁን ታጡና ነገ ጠዋት ያንኑ ሰልፍ እንደገና ትሰለፋላችሁ።

ፈታሹ ሰደበኝ። ለማን ልናገር?

በሩ ላይ አትጨቃጨቁ። ለፈረቃ ኃላፊው ንገሩት፣ ሰዓቱንና በየትኛው በር እንደሆነ ያዙ። ደረቱ ላይ ቁጥር ካለ ቁጥሩን። የኤጀንሲ ሠራተኛ ከሆነ አዳራሹ "የእኛ አይደለም" ይላችኋል፣ ኤጀንሲው "አዳራሹን ጠይቁ" ይላችኋል። ለሁለቱም በጽሑፍ ስጡ። የተነካችሁት በማይሆን መንገድ ከሆነ ግን ይሄ የቅሬታ ጉዳይ አይደለም፣ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ነው፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰውም ይዛችሁ ሂዱ።